«ችግሩ ከልክ በላይ ትልቅ ነው»፦ ሳይንስን ያስቆመች ቁጥር

2,147,483,647። ይህችን ቁጥር ብዙ ሰው የሰማት በዘፈን ምክንያት ነው። በአውሮፓውያኑ 2014 መጨረሻ የደቡብ ኮሪያው «ጋንግናም ስታይል» የዩቲዩብ ዕይታ እሷን ሲያልፍ፣ ኩባንያው ቆጣሪውን ማስፋቱን አስታወቀ። በ32 ቢት የሚሠራ የተለመደ ቆጣሪ ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ብዙም ሳይቆይ ያችው ቁጥር የሕይወት ሳይንስ ተመራማሪዎችን ደጅ አንኳኳች።

ነገሩ ከ2009 ይጀምራል። ከዚያ በፊት በአንድ የአካል ክፍል ውስጥ የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ፣ በአብዛኛው እጅግ ብዙ ሕዋሳት አንድ ላይ ተፈጭተው ነበር የሚለኩት። ውጤቱ እንደ ሽሮ ነው። አተሩ፣ ሽንብራውና ቅመሙ አብሮ ከተፈጨ በኋላ ነቀዝ የበላው የትኛው ፍሬ እንደነበር ማን ይለያል? በዚያ ዓመት ፉቹ ታንግና አዚም ሱራኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር በካምብሪጅ የአንዲት የአይጥ ፅንስ ሕዋስን የጂን መልእክት ለብቻዋ አነበቡ። በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአንድ ጥናት 44,808 የአይጥ ሬቲና ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለኩ። በ2017 ደግሞ ቴን ኤክስ ጂኖሚክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የ1.3 ሚሊዮን የአይጥ አንጎል ሕዋሳትን መረጃ ለሁሉም ለቀቀ።

ከአንድ ሕዋስ ወደ 1.3 ሚሊዮን፣ በስምንት ዓመት ውስጥ! ግን ማን ይክፈተው?

ሒሳቡ ይህ ነው። 28 ሺህ ያህል ጂኖች በ1.3 ሚሊዮን ሕዋሳት ሲባዙ ከ36 ቢሊዮን በላይ ሣጥን ያለው ሠንጠረዥ ይወጣል። እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ቢገባ 290 ጊጋባይት ያህል ራም ይፈልጋል። የተለመደ ላፕቶፕ ያለው 8 ወይም 16 ነው። ደግነቱ ከ10 ሣጥን ከ9 በላይ የሚሆነው ዜሮ ነው። ስለዚህ ዜሮውን ትቶ የተሞላውን ብቻ መመዝገብ ይቻላል።

ይህም አልበቃም። የተሞሉት ሣጥኖች ብቻ 2.6 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ከዚያች ቁጥር በላይ ማለት ነው። በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጠራው የስታቲስቲክስ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ የሚይዝበት መሣሪያ ደግሞ የሚቆጥረው በ32 ቢት ነበር። ዜሮዎቹን መልሶ የሚዘረጋ ትእዛዝ ከተሰጠማ 77 ሺህ ሕዋስ እንኳ ይበቃል፤ ሥራው ይቆምና «ችግሩ ከልክ በላይ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ራም ሊገዛ ይሮጣል። ራም ግን አያድነውም። የጠበበው ቆጣሪው ነው።

መፍትሔው በየአቅጣጫው መጣ። በ2018 ሙኒክ ውስጥ በፓይተን ቋንቋ የተሠራው ስካንፓይ ያንኑ የ1.3 ሚሊዮን ሕዋስ መረጃ መተንተን እንደሚችል አሳየ። በነጠብጣብ ይስል በነበረው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ስም የተጠራው ሱራ ደግሞ በ2023 በወጣው 5ኛ ዕትሙ መረጃው በዲስክ ላይ እንዳለ እንዲነበብ ፈቀደ። መጽሐፉን ሁሉ በቃል ከመያዝ የተፈለገውን ገጽ ገልጦ እንደ ማንበብ ነው።

ሆኖም መሣሪያው አለ ማለት ተጫነ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሶፍትዌር በሌሎች በብዙ ጥቅሎች ላይ ይቆማል። አንዱ ከጎደለ ወይም ዕትሙ ካልገጠመ ሁሉም ይወድቃል። የመጨረሻው መስመር «መጫን አልተቻለም» ብቻ ይላል፤ እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ብዙ መስመር ወደ ላይ ተቀብሮ ይገኛል። በ2013 የወጣው ዶከርና እንደ ኮንዳ ያሉ መሣሪያዎች ሶፍትዌሩን ከነጓዙ አንድ ላይ በማሰር ይህን ጣጣ አቅልለዋል። እነሱን ለማውረድም ቢሆን ጥሩ ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

በ2016 የሰው ሕዋሳት አትላስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥረት ሲጀመር ውጤቱ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ለተቀመጠ ተማሪ፣ በ290 ጊጋባይት የሚከፈት መረጃ ከተዘጋ መረጃ በምን ይለያል? መረጃ የሚለቅ ተቋም የተጠቀመባቸውን ዕትሞች ዝርዝርና በትንሽ ኮምፒውተር የሚከፈት ናሙና አብሮ ቢለቅ ወጪው ኢምንት ነው። ያን ካላደረገ ግን ክፍትነቱ የሚሠራው ትልቅ ኮምፒውተር ላላቸው ብቻ ነው።