ሥራይ፦ መድኃኒትም መተትም

በግዕዝ «ሥራይ» መድኃኒትንም አስማትንም ያመለክታል። ሐኪሙ «ዐቃቤ ሥራይ» ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው «መሠርይ» ግን ጠንቋዩ ነው። በክታብ ላይ የሚጻፈው የመተት መፍቻ ጸሎትም «መፍትሔ ሥራይ» ይባላል። (የግሪኩ «ፋርማኮን»ም መድኃኒትና መርዝ ነው።) ቃሉን የሚያጠና ሰው ይህን ዝምድና እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይገባም እላለሁ፤ በፈዋሹና በተጠርጣሪው መካከል የነበረው ድንበር ምን ያህል ስስ እንደ ነበር ይመሰክራልና።

ድንበሩን በኃይል ለማስመር የተነሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) ናቸው። በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋዮችን አወገዙ፤ ዜና መዋዕላቸው እንደሚያወሳው «ደስክ» እና «ዲኖ»ን አመለኩ ተብለው ከተቀጡት መካከል የገዛ ልጆቻቸው ይገኙበታል። በአውሮፓ የጠንቋይ አዳኞች መመሪያ የሆነው «ማሌዎስ ማሌፊካሩም» የታተመው ከእሳቸው ሞት በኋላ፣ በ1480ዎቹ ነው። ሐኪሙ ዮሐን ዋየር በ1563 ከተከሳሾቹ ሴቶች ብዙዎቹ ሕሙማን ናቸው ብሎ ቢሞግትም ፍርዱ አልቆመም፤ የተገደሉት ከ40 እስከ 60 ሺህ ይገመታሉ።

እኛ ዘንድ ያንን የመሰለ የችሎት ዘመቻ በቡዳ ላይ አልተካሄደም። ይህ ግን የሚያጽናና አይመስለኝም። እዚያ የሚመረመረው ተከሳሹ ነው፤ በስቃይ ብዛት «አዎ» ይላል። እዚህ የሚመረመረው በሽተኛው ነው። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ያሸትቱታል፣ ያጥኑታል፣ «ማን በላህ?» ይሉታል፤ በእሱ አንደበት ቡዳው ይለፈልፋል፣ ስምም ይጠራል። (ጤና አዳም በአውሮፓም የጥንቆላ መከላከያ ነበር።) ስሙ የተጠራው ሰው በስፍራው የለም፤ ቢኖርም የሚከራከርበት ዳኛ የለም፤ ስለዚህ ነጻ የሚወጣበት ቀን አይመጣም። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚሁ እምነት በስፋት ጽፏል።

ጥርጣሬው በብዛት ያረፈው በብረት ሠሪውና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ከ«ጠቢብ» ጋር መዛመዱ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፦ የማያውቁትን ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ስድቡን ይከልክል እንጂ ጋብቻን አላስፈቀደም። ይህን ከምጽፍበት ከሐዋሳ ዙሪያ፣ በሲዳማ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ጡንጢቾ በጋብቻ ተለይተው ኖረዋል።