የሐሩ ምኞት ዳፋ

የእሳት እራት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አምፖል ዙሪያ የሚንደፋደፈውን ትንሽ ፍጡር ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ፖሊፌመስ ግን ክንፉን ሲዘረጋ የሰው መዳፍ ያክላል። በክንፎቹ ላይ ዐይን የሚመስሉ ክቦች ስላሉት ስያሜውን ያገኘው ከሆሜር ባለ አንድ ዐይን ግዙፍ ነው። ከነዚህ ግዙፎች ወገን አንዱም ካደገ በኋላ አይበላም፤ ዘሩን ተክቶ በጥቂት ቀናት ይሞታል። በላተኛው ትሉ ነው፤ ሐር የሚፈትለውም እሱ ነው።

ይህን ሐር ሀብት አደርገዋለሁ ብሎ የተነሣ ኤትየን ሊዮፖልድ ትሩቬሎ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። ሉዊ ናፖሊዮን በ1851 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሥልጣን በኃይል ከጠቀለለ በኋላ አገሩን ለቆ፣ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሜድፎርድ ውስጥ ሰፈረ። በ1860 ገደማ በሁለት ትሎች ጀመረ። በ1865 ሁለት ሄክታር በሚያህል ጫካው፣ መረብ በለበሱ ቁጥቋጦዎች ላይ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ትል ይርመሰመስ እንደነበር ጽፏል። አንድ ትል በ56 ቀን ሲፈለፈል ከነበረው ክብደት 86,000 እጥፍ እንደሚበላም አስልቷል።

ምኞቱ ግን በዚህ አልረካም። በ1860ዎቹ መጨረሻ የሌላ የእሳት እራት ዕንቁላል ከአውሮፓ አስመጣ። ይህኛው ከሐር ሠሪዎቹ ወገን እንኳ አልነበረም። ጥቂቶቹ አመለጡ። ሃያ ዓመት ያህል ዝም ተባለ። በ1889 ሜድፎርድ በትል ተጥለቀለቀች፤ ዛፎች ራቁታቸውን ቀሩ፤ ትሉ ግድግዳና መንገዱን አለበሰው። ግዛቲቱ እስከ 1900 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ብታወጣም ልታጠፋው አልቻለችም። ትሩቬሎ ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ ፕላኔቶችንና ጨረቃን በመሣል ስም አትርፎ፣ በ1882 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ነበር።

ከ1906 ጀምሮ ደግሞ ትሉን ያጠፋል የተባለ ዝንብ ከአውሮፓ ገባ። ዝንቡ ልጆቹን በሕያው ትል ገላ ውስጥ ያሳድጋል፤ የሚመርጠው ግን ጠላት የተባለውን ብቻ አይደለም። በ2000 የታተመ ጥናት፣ የፖሊፌመስ ዘመድ የሆነውን የሴክሮፒያ ትሎች በማሳቹሴትስ ጫካ ቢከታተል፣ በለጋነታቸው ከደረሰባቸው ሞት 81 በመቶው በዚሁ ዝንብ ሳቢያ መሆኑን አገኘ።

እንግዲህ ትሩቬሎ በመረብ ከወፍ የጠበቃቸው ግዙፎች፣ እሱ ያመጣውን እንግዳ ለማጥፋት በተጠራው ሌላ እንግዳ ተበሉ። ስሕተት በስሕተት ሲታረም ዕዳውን የሚከፍለው ከነገሩ የሌለበት ነው።