የፍሪጅ ጋዝና የጋራ ሰማይ፦ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ታሪክ በመዛግብት ሚዛን

የኦዞን ንጣፍ መሳሳት ታሪክ ሲተረክ ሊቃውንት አስጠነቀቁ፣ መንግሥታትም ሰምተው ታዘዙ ይባላል። መዛግብቱን ጎን ለጎን ስናመዛዝን ግን መፍትሔው የተገኘው እርግጠኝነት ከመሟላቱ በፊት እንደ ነበር እንረዳለን።

የነገሩ መነሻ ግዴለሽነት አልነበረም። እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የቤት ፍሪጆች የሚሠሩባቸው አሞኒያ፣ ሜቲል ክሎራይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲያፈተልኩ ሰው ይገድሉ ነበር። በ1930 ኬሚስቱ ቶማስ ሚጅሊ በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ ፊት አዲሱን ጋዝ፣ ክሎሮፍሎሮካርቦንን፣ በረጅሙ ስቦ ወደ ሻማ ተነፈሰው፤ ሻማው ጠፋ፣ እርሱ ግን አልተመረዘም። ጋዙ ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ አለመዋሐዱ በየቤቱ ተወዳጅ አደረገው፤ ይኸው ጠባዩ ሳይፈርስ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር እንዲደርስም አስቻለው።

ኬሚስቶቹ ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 እንዳስረዱት፣ ጋዙ እዚያ በፀሐይ ጨረር ሲሰነጠቅ የሚለቀው ክሎሪን ኦዞንን ያፈርሳል። አሜሪካ በ1978 በአብዛኞቹ የሚረጩ ሸቀጦች ውስጥ እንዳይገባ ብትከለክልም በጋዙ የሚሠሩት ፍሪጅና ስፖንጅ ቀጠሉ፤ ሻጭም ገዢም ተጠቃሚ ሲሆኑ የሰማዩ ጉዳት በማንም ሒሳብ አልተመዘገበምና።

በ1985 ተመራማሪዎቹ ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን ከአንታርክቲካ የሃሊ ጣቢያ የምድር ልኬት ተነሥተው በየጸደዩ የሚከሰተውን ከባድ የኦዞን መመናመን አስታወቁ። የናሳ ሳተላይት ለምን እንዳልቀደማቸው ግን ምስክርነቶች ይለያያሉ። የተለመደው ትረካ ኮምፒውተሩ ዝቅተኛዎቹን ቁጥሮች ጣላቸው ይላል፤ የናሳ ተመራማሪዎች ግን ቁጥሮቹ አጠራጣሪ ተብለው ምልክት ተደረገባቸው እንጂ አልተጣሉም፣ ምርመራውም ተጀምሮ ነበር ይላሉ። በሥራው ላይ የነበሩት ሰዎች ቃል በመሆኑ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን።

ጋዙን የሚገድበው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መስከረም 16 ቀን 1987 ሲፈረም የአንታርክቲካው መመናመን መንስኤ ገና አከራካሪ ነበር። ፈራሚዎቹን ያሳመነው ምን ነበር? አንዳንዶች የጋዙ አምራች ዱፖንት በተተኪ ጋዞች ትርፍ ማሰቡን ያነሣሉ፤ ኩባንያው በ1986 ዓለም አቀፍ ገደብን መደገፉ ያግዛቸዋል። ምርቱን ጨርሶ ለማቆም ያስታወቀው ግን በመጋቢት 1988፣ ከፊርማው ወራት በኋላና ከአዲስ የሳይንስ ሪፖርት ማግስት በመሆኑ፣ ስምምነቱን ትርፍ ብቻ ወለደው ማለት ያስቸግራል። በእኛ ግምት ሕጉና የተተኪዎቹ ገበያ እርስ በርስ ተገፋፍተዋል።

የሰነዱ ብልሃት ያለው በአሠራሩ ነው። ግማሽ ቅነሳን ብቻ አዝዞ ጀመረ፤ ዕውቀት ሲጨምር እንዲጠብቅ በር ስለ ተወለት በ1990 ለንደን ላይ ሙሉ እገዳ ተወሰነ። ኢትዮጵያን ለመሰሉ ታዳጊ አገሮች የአሥር ዓመት ፋታ ሰጠ፣ የወጪ ማካካሻ ፈንድም ተቋቋመ፤ ከአባልነት ውጭ ከቀሩት ጋር የሚደረገውን ንግድም ገደበ። እንከን አልነበረውም ግን አይባልም፤ ኤችኤፍሲ የተባሉት ተተኪ ጋዞች ምድርን የሚያሞቁ ሆነው በመገኘታቸው በ2016 የኪጋሊ ማሻሻያ አስፈልጓል።

የ2022ቱ ዓለም አቀፍ ግምገማ የአንታርክቲካ ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ እንደሚመለስ ይተነብያል፤ ይህም አሁን ያሉት ፖሊሲዎች ከቀጠሉ ነው። ከመዛግብቱ የምናወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ የጋራ ሀብትን ከሸቀጥ ጉዳት የታደገው የሸማቹ በጎ ፈቃድ ብቻ ወይም የሊቃውንት ሙሉ ስምምነት ሳይሆን፣ ጉዳቱን በአምራቹ ሒሳብ ላይ ያሰፈረና ራሱን ለማረም የተዘጋጀ ሕግ ነው።