ከዜማ የተወለደው ባላባት

ሰር ሮጀር ደ ካቨርሊ የሚባል ሰው በሕይወት ኖሮ አያውቅም። በስሙ የሚጠራው ዜማ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ቫዮሊን ተጫዋቾች ዛሬም ይጫወቱታል።

ዜማው እ.ኤ.አ. በ1695 ለንደን ውስጥ «የዳንስ መምህር» በተባለው መጽሐፍ «ሮጀር ኦቭ ካቨርሊ» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉን በ1651 የጀመረው የመጻሕፍት ነጋዴው ጆን ፕሌይፎርድ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አንገቱን ከተቀላ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አገሪቱን የያዙትም ጭፈራን በክፉ ዓይን የሚያዩ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጭፈራ መጽሐፍ ማሳተም ድፍረት ይጠይቃል። ከፕሌይፎርድ ሞት በኋላ ሥራውን የቀጠለው ልጁ ሄንሪ ነው።

ስኮትላንዶች ይህንኑ ዜማ «ብቅል ሻጩ ሰኞ ይመጣል» ይሉታል፤ የኤዲንብራው ባለቅኔ አላን ራምዚም ግጥሙን በመድበሉ ውስጥ አስገብቶታል። ማን ከማን ወሰደው የሚለው ክርክር ለእኔ ፍሬ የለውም። የዚያን ዘመን ቫዮሊን ተጫዋች ዜማን በጆሮው ይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞር ነበር፤ የመንግሥታት ድንበር ዜማን አያግድም።

ዜማው የጂግ ዓይነት ነው፤ ጂግ ለጭፈራ የተሠራ ፈጣን ምት ነው። አብዛኛው በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ ቺክቺካ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። ይህኛው ግን ዘጠኝ ስምንተኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ይቆጠራል። እግር ሊያርፍ ነው ሲባል ሌላ ሦስት ይጨመርና ጨፋሪውን ወደፊት ይገፋዋል። በዜማው ሲጨፈር ወንዶችና ሴቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከአንዱ ጫፍ ሴቲቱ፣ ከሌላው ጫፍ ወንዱ ወደ መሃል መጥተው እጅ ይነሳሱና ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ስደተኞች ጭፈራውን ወደ አሜሪካ ይዘውት ሲሻገሩ ደግሞ «ቨርጂኒያ ሪል» ተባለ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በመጋቢት 1711 ጆሴፍ አዲሰንና ሪቻርድ ስቲል «ስፔክቴተር» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። ስቲል በሁለተኛው ዕትም አንድ ደግ የገጠር ባላባት ፈጥሮ ሰር ሮጀር ደ ካቨርሊ አለው፤ ያንን የታወቀ ጭፈራ የፈለሰፈው የባላባቱ ቅድመ አያት ነው ሲልም ጻፈ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባላባቱን የወለደው ጭፈራው ነው። አንባቢ ግን እንደ ዘመዱ ወደደው። አዲሰን በ1712 ሞቱን ሲጽፍ ከእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ተወዳጅ ገጸ ባሕርያት አንዱ ሆኖ ነበር።

ዜማው ከባላባቱ በኋላም ቀጠለ። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ባሳተመው «የገና መዝሙር» የደጉ ነጋዴ የፌዚዊግ የገና ዋዜማ ግብዣ የሚደምቀው ቫዮሊን ተጫዋቹ ይህን ዜማ ሲጀምር ነው፤ ጌታውና እመቤቲቱ ራሳቸው ከፊት ሆነው ይጨፍራሉ። በ1922 ደግሞ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንክ ብሪጅ ለአውታር መሣሪያዎች አዲስ ቅንብር ሠራለት፤ በውስጡም «ኦልድ ላንግ ሳይን» የተባለውን የስኮትላንድ ዜማ አብሮ አስገባበት።