የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂና ከአደጋ በኋላ ሥራን መልሶ ማስጀመር

የመጠባበቂያ ቅጂ ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የንግድ ድርጅት መረጃ ተባዝቶ ከዋናው ተለይቶ የሚቀመጥበት አሠራር ነው። ዓላማውም ዋናው መረጃ በእሳት፣ በስርቆት፣ በኮምፒውተር ቫይረስ ወይም በጦርነት ቢጠፋ ሥራው ተቋርጦ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

በደቡብ ጎንደር ዞን የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበረችበት ወቅት ሆስፒታሉን ጨምሮ ተቋማት ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር ሲዘረፍ በውስጡ ያለው መዝገብም አብሮ ይሄዳል። ዕቃው በግዢ ይተካል፤ ቅጂ የሌለው መዝገብ ግን አይተካም።

በሙያው የተለመደው መመሪያ መረጃው በ3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ እንዲያዝና ቢያንስ 1 ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ እንዲቀመጥ ያዛል። በዚያው ቢሮ የተቆለፈበት ሃርድ ዲስክ ከዝርፊያ አይድንም። በመሆኑም የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ጽሕፈት ቤቶች አንዱን ቅጂ ከዞኑ ውጪ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር፣ ቢያስቀምጡ ይመረጣል። በመስመር መላክ ካልተቻለ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ሃርድ ዲስክ በየወሩ መላክ ይቻላል።

አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የገጠር መሬት ይዞታ በወረዳው መዝገብ ሲሰፍር፣ አርሶ አደሩም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በእጁ ይይዛል።

ቅጂው በየጊዜው ካልታደሰና ተመልሶ መከፈቱ ካልተሞከረ አስተማማኝ አይሆንም። ስለሆነም ማን፣ መቼና የት እንደሚያስቀምጥ፣ ሥራውም በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጀመር በጽሑፍ መወሰን ይገባል።