በደብተሬ ያልነበረው ውኃ፦ አንድ ቀን በላሊበላ

በ1980ዎቹ ለትምህርት ጉዞ ላሊበላ ስንሄድ ሁላችንም የያዝነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማን ሠራው? መቼ ሠራው? የዚያን ጊዜዋን ደብተሬን ለዘንድሮው መሰባሰብ ብዬ ከሣጥን አውጥቼ ሳገላብጣት፣ ስለ ዛጉዌ ነገሥታት ስድስት ገጽ፣ ስለ መስኮቶቹ ቅርጽ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ስለ ውኃ ግን አንድ መስመር የለም። ዘንድሮ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተመልሰን ከጠዋት እስከ ማታ ስንዞር ደግሞ ከሁሉ በላይ የገረመኝ የውኃው ነገር ነው። አንድ ቀን ለአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እንደማይበቃ መቼም ታውቁታላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዞ ለመዞር ግን ይበቃል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጀመርን። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው፤ ከአሥራ አንዱ ትልቁ እሱ ነው። አሠራሩን ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቆፍረው ዓለቱን ለብቻው ያቆሙታል፤ ከዚያ ከጣሪያ ወደ መሠረት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ ይወርዳሉ። ግንበኛ የተበላሸበትን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የቆረጠውን አይመልስም። እኛ ያኔ በዚህ ተደንቀን አበቃን። እንዲህ ተቆፍሮ የወረደ ግቢ የላስታ ክረምት ሲመጣበት ምን እንደሚሆን አልጠየቅንም። በሐምሌ ኩሬ መሆን ነበረበት እኮ! ያልሆነው ፈልፋዮቹ አስቀድመው ስላሰቡበት ነው። የግቢዎቹን ወለል አዘነበሉት፤ ቦዩን ከቦይ አያያዙት፤ ውኃው ወደ ዮርዳኖስ እንዲወርድ መንገድ አበጁለት። ዮርዳኖስ ሁለቱን ትልልቅ የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች የሚለየው ወንዝ ነው። ስለ ስሙና ስለ ዳግማዊት ኢየሩሳሌም ብዙ ተብሏል፤ ዝናቡን ተቀብሎ የሚሸኘው እሱ መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም።

ከዚያ ወደ ቤተ ማርያም ተሻገርን። ግቢዋ ውስጥ ከዓለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ የውኃ ገንዳ አለ፤ በገና በዓል ልጅ የሚሹ እናቶች የሚጠመቁበት ነው። እዚያ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚያ ሰዎች መሸኘት ያለበትን ውኃ ሸኝተዋል፤ መቅረት ያለበትን አስቀርተዋል።

“ማን? መቼ?” የሚለው የድሮ ጥያቄያችን እስካሁን አልተዘጋም። አስጎብኚያችን “23 ዓመት ፈጀ፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት” ብሎ ነገረን። ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የዛጉዌን ዘመን በምንጭ አስደግፈው አስቀምጠውልናል። ከዚያ በኋላ የመጡት አርኪዮሎጂስቶች ደግሞ ዓለቱን ራሱን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ። ዴቪድ ፊሊፕሰን ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሥ ላሊበላ በፊት፣ ያውም ለቤተ ክርስቲያንነት ሳይሆን ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ይሆናል ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ገና ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ፈለፈሉት ሰዎች ይህን ያህል ስንጽፍ፣ ለስምንት መቶ ዓመታት ስላቆዩት ሰዎች የጻፍነው ስንት ገጽ ነው?

የቅርቡን የጥገና ታሪክ እንኳ ብናይ ብዙ ያስተምራል። ዓለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ለመሮ ይመቻል፤ ለመሮ የተመቸ ግን ለውኃም ይመቻል። ጣሪያዎቹ ነቃቅተው ማፍሰስ ሲጀምሩ በ1940ዎቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። መፍትሔ የመሰለው ነገር ችግር ሆነና ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ያንን ልባስ ሲልጥ ከረመ። ዛሬ በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ከምናያቸው የውጭ ዓምዶች ብዙዎቹ ወድቀው በድንጋይ ካብ የተተኩ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ማፍሰሱ ግን አልቆመም። እኛ ተማሪ ሆነን የደረስንበት ጊዜያዊ የቆርቆሮ ክዳን ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በውጭ እርዳታ አሁን ያሉት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። እነሱም ሲያስፈልግ ይነሣሉ በሚል ነው።

ከሰዓት በኋላ በቤተ አማኑኤል ያገኘናቸውን አንድ አባት ስለ መጠለያው ጠየቅኳቸው።

“አባ፣ ይኼ ከተሠራ ወዲህ ክረምቱ እንዴት ነው?”

“ዝናቡስ ቀርቶልናል ልጄ። ንፋስ በመጣ ቁጥር ግን ወደ ላይ ወደ ላይ እያየሁ ነው የምቀድሰው።”

ይህ የእሳቸው ስጋት ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መባቻ የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ በቅርሱ ላይ እንዳይወድቁ ብሎ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አገራቸው በጥገናው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዳው ቀረ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ሰው ተቸገረ። ካህናቱ ግን በዚያም ክረምት ማለዳ ተነሥተው ቀደሱ፤ ግቢውንም ጠረጉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤተ ጊዮርጊስ ደረስን። መጠለያ የለበትም። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ መስቀሎች ተቀርጸዋል፤ ፎቶውን ያላነሣ ሰው የለም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከመስቀሎቹ ይልቅ ጠርዙ ላይ ያሉትን አሸንዳዎች ፈለግሁ። አሉ! ከዚያው ከዓለቱ የወጡ ናቸው፤ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው አርቀው ይጥላሉ። ጌጥ ነው ያልነው ሁሉ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሬንጅም ብረትም ሳይደረብበት ከሁሉ ደኅና ሆኖ የቆየው ይህ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዓለቱ ራሱ የተሻለ መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም፤ ፈልፋዩ ውኃውን አስቀድሞ ማሰቡም እንዲሁ።

ማታ ጠጅ ቤት ተሰብስበን ብርሌ ይዘን ስንጫወት የመሐንዲስነት ትምህርት ያጠናው ጓደኛችን አንድ ነገር ጣለ፦ “ሁላችንም የምንመጣው በበጋ ነው። ፎቶውም፣ ልኬቱም፣ ጥናታዊ ጽሑፉም የበጋ ነው። ይህ ቦታ የሚፈተነው ግን በክረምት ነው።” ዝም አልን። እውነቱን ነው። ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ መጥቶ ያየውን ብጽፍ ማንም አያምነኝም ብሎ ከሰጋው ከቄስ አልቫሬዝ ጀምሮ፣ እኛን ተማሪዎቹን ጨምሮ፣ ጎብኚ ሁሉ ተደንቆ ይሄዳል። የትኛው ስንጥቅ በየትኛው ወር እንደሚሰፋ፣ የትኛው ቦይ እንደሚደፈን የሚያውቁት እዚያው የሚከርሙት ናቸው፤ ዕውቀታቸው ደግሞ በቃል እንጂ በወረቀት የለም። አንድ አባት ባረፉ ቁጥር አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ለማኅበራችንም ለታሪክ፣ ለሥነ ምድርና ለምሕንድስና መምህራኖቻችንም የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሚቀጥለው ጉዟችን በነሐሴ ይሁን። ጃንጥላና ቦት ጫማ እንያዝ፤ ተማሪ ይዘን እንሂድ፤ ካህናቱ አጠገብ ቆመን ውኃው በየት እንደሚሄድ እንጻፍ። የኔ ደብተር ባዶ ገጽ አላት።