ያልታጠበው ፊልም

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ፎቶ ማንሳት ስልካችንን አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። በፊልም ዘመን ግን ሥራው ሁለት ነበር፤ ማንሳትና ማጠብ። አንስቶ ያላጠበ ሰው በእጁ ያለው የማይታይ ምስል ነው። የቪቪያን ማየር ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳየናል።

ቪቪያን እ.ኤ.አ. በ1926 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። መተዳደሪያዋ የሰው ልጆች ማሳደግ ነበር። ከ1956 ጀምሮ በቺካጎ አቅራቢያ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በሞግዚትነት ስትሠራ፣ ሮሊፍሌክስ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ልጆቹን ይዛ ትወጣ ነበር። መንገደኛውን፣ ሕፃኑን፣ ችግረኛውን፣ በመስታወት ውስጥ የሚታየውን የራሷን መልክ ታነሳለች። አንዱ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 12 ፎቶ ብቻ ነበር።

በዚያ ቤት ለብቻዋ የተሰጣትን መታጠቢያ ክፍል ጨለማ ክፍል አደረገችው። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤት ውስጥ ሊታጠብ ይችላል። ፊልሙ በድቅድቅ ጨለማ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይከተታል። የመጀመሪያው ኬሚካል ብርሃን ያረፈበትን የብር ውሁድ ያጠቁረዋል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ደቂቃው በጥንቃቄ ይቆጠራል። ሌላው ኬሚካል ብርሃን ያልነካውን አስወግዶ ምስሉን ያጸናል። ከዚያም በውኃ ታጥቦ፣ ተሰቅሎ ይደርቃል። ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቶ የሚታይበት ኔጋቲቭ የሚገኘው እንዲህ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ልጆቹ አደጉና ቪቪያን ቤቱን ለቀቀች። ጨለማ ክፍሏም በዚያው ቀረ። ከቤት ወደ ቤት ስትዘዋወር ማንሳቷን አልተወችም፤ ያልታጠበው ፊልም ግን እየተከመረ ሄደ። ስታረጅ እጇ አጠረ፤ ቤት የተከራዩላት ያሳደገቻቸው ልጆች ነበሩ። በ2007 የዕቃ ማስቀመጫዋ ኪራይ ሳይከፈል ቀርቶ ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ። ስለ ቺካጎ ሰፈር መጽሐፍ ያዘጋጅ የነበረው ወጣቱ ጆን ማሉፍ በ400 ዶላር ገደማ አንድ ሣጥን ኔጋቲቭ ገዛ። በስካነር ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባቸው ምን እንደገዛ ገባው። ስሟን ይዞ ሲፈልጋት ግን ያገኘው የሞቷን ማስታወቂያ ነበር። ያረፈችው በኤፕሪል 2009 ነው።

ከዚያ በኋላ ያልታጠበው ታጠበ፣ የታጠበውም ስካን ተደረገ። ከ100,000 በላይ ከሚሆኑት ምስሎቿ አንዳንዶቹ ዓለም የሚያውቃቸው ሆኑ። እርሷ ግን ካነሳቻቸው ብዙዎቹን አላየቻቸውም። የፎቶዎቹንም ታሪክ ከእርሷ አፍ የሚሰማ አልተገኘም።

በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የቆየ ኔጋቲቭ ይኖር ይሆናል። ነጭ ብርሃን በሚያበራ ስልክ ላይ ዘርግታችሁ በሌላ ስልክ አንሱትና ቀለሙን ገልብጡት፤ ፊቶቹ ይወጣሉ። ስካነር የማያወጣው ስማቸውን ነው። እርሱን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸውና፣ ሳይመሽ ጠይቀን እንጻፍ።